የሦስተኛው ፎቅ የስፌት መኪናዎች

ሳንቲያጎ፣ ፓትሮናቶ ሰፈር
እሑድ፣ ሜይ 2 ቀን 2010

የምወድሽ ልጄ ናዲራ፣

በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ስለ ጤንነትሽ፣ ቀጥሎም ስለ አክስቴ ጉልበት ጠይቄ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ወሬው ልገባ ነበር ያሰብኩት። አልቻልኩም። መኪናዎቹ ተነሡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ በአንሶላ ተሸፍነው የኖሩት፣ ትንሽ ሳለሽ የተኙ ሰዎች እየመሰሉሽ በበሩ ስናልፍ እጄን ጥብቅ አድርገሽ የምትይዢባቸው የስፌት መኪናዎች፣ ይኸው አሁን፣ እሑድም ሆኖ፣ ከጭንቅላቴ በላይ እየተንጫጩ ነው። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ጽሕፈቴ ቢጣመም ምክንያቱ እሱ ነው፣ እርጅና አይደለም።

ደህና ነሽ? የአክስቴ ጉልበት ተሻለው? ይኸው ጠየቅሁ።

ባለፈው የጻፍሽልኝን ጥያቄ አልረሳሁትም። ቤት ጃላ ከምታስተምሪያቸው ልጆች አንዷ ተነሥታ፣ ወደ ቺሌ የሄዱት የኛ የፍልስጤም ሰዎች ባለ ፋብሪካና ባለ ሕንፃ ሆኑ ይባላል፣ ከጎረቤት ከፔሩ የመጡት ግን አንድ ክፍል ለብቻ መከራየት እንኳ ያቅታቸዋል ይባላል፤ ቋንቋው ቋንቋቸው፣ አገሩም ጎረቤታቸው ሆኖ ሳለ እኛ ከባሕር ማዶ ሄደን እንዴት በለጥናቸው ብላ ጠየቀችሽ። አንቺም መልሱ ስለጠፋሽ ወደ እኔ መራሽው። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ወረቀት አወጣሁና አያትሽ ሲነግረኝ የኖረውን መጻፍ ጀመርኩ። ሳጥን በጀርባው አዝሎ መንደር ለመንደር ቁልፍና ክር መሸጡን፣ ዐረቡን ሁሉ በሚሰድቡበት ቃል "ቱርኮ" እያሉ ልጆች ድንጋይ መወርወራቸውን፣ ላቡን ማፍሰሱን። ላብ፣ ላብ፣ ላብ። ገጹ ሳይሞላ ምድር ተንቀጠቀጠች።

እኔም ቤቱም ደህና መሆናችንን በስልክ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ የፊት ለፊቱን ቤት ነው። ያ በጭቃ ጡብ የተሠራው አሮጌ ቤት፣ በየክፍሉ አንድ የፔሩ ቤተሰብ ታጭቆ የሚኖርበት፣ በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ወረደ። ጠዋት ስንወጣ አልጋው፣ የማርያም ሥዕሉ፣ በገመድ የተሰጣው ልብስ ሁሉ እንደ ሱቅ መስኮት ከመንገድ ይታያል። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቱ ከኛው ወገን ነው፤ ሀብት ካፈራ በኋላ ወደ ላይኛው ሰፈር ገብቷል፤ ወደዚህ የሚወርደው ኪራይ ሊቀበል ብቻ ነው። የዚያን ቀን አልወረደም።

ሰዎቹ ፍራሻቸውን መንገድ ላይ አንጥፈው ተቀመጡ። አንዲት ሴት ከየቤቱ ድንች አሰባስባ ትልቅ ድስት ጥዳ ነበር። ኤደልሚራ ትባላለች፤ ኤደልሚራ ኪስፔ፣ ከዋንካዮ፣ ከተራራ አገር የመጣች። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ አያታለሁ፤ የላይኛው ሰፈር ሰዎችን ቤት ልታጸዳ ነው የምትሄደው። ደህና አደርሽ ከመባባል አልፈን አናውቅም ነበር። እኔም ባዶ እጄን ከምቆም ብዬ ምስርና ሽንኩርት ይዤላት ወጣሁ። አስቀምጬ ልመለስ ስል ቢላዋ አቀበለችኝ።

"ዶን ሚትሪ፣ ላጥ አድርገው ይስጡ እንጂ። ወይስ ቱርኮዎች ሽንኩርት የሚልጡት ገዢ ሲመጣ ነው?"

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ልጄ፤ እናትሽን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያ ሆዴን ይዤ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ተቀምጬ ላጥሁ። ሾርባው ውስጥ የኛ ምስርና የእነሱ ድንች አንድ ላይ ገባ። ጣፋጭ ነበር፤ ሰው ስለራበው ብቻ አይደለም።

ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ሰዎች ወደዚያ ቤት ማንም እንዳይመለስ ብለው በሩን አሸጉት። ዝናብ ሊገባ ነው፣ ሰዉ የት ይሂድ? ሦስተኛውን ፎቅ ከፈትኩት። ሃሳቤ ለጥቂት ቀን ነበር። መኪናዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋንና በመካከላቸው ፍራሽ ተነጠፈ። በማግስቱ ሻይ ይዤ ስወጣ ኤደልሚራ ከአንደኛው መኪና ላይ አንሶላውን ገልጣ ቆማለች። ቤት ጽዳት የያዘችው እዚህ ከመጣች በኋላ ነው ለካ፤ ሊማ ውስጥ ጋማራ በሚባለው የልብስ ሰፈር ወጣትነቷን ሙሉ ስትሰፋ ኖራለች። እዚህ አገር ሌላ ምን ትችያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኋትም።

"ይሠራሉ?" አለችኝ።

አንቺ በተወለድሽ ሰሞን ነው የቆሙት፤ የውጭ ልብስ በርካሽ ገብቶ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው። ግን አባትሽ የአያትሽ ፋብሪካ መካኒክ እንደነበረ ታውቂያለሽ አይደል? ቱታዬን ፈልጌ አወጣሁ። ሆዴ ላይ አልቆለፍ አለ፤ ክፍቱን ለበስኩት። ዘይት ቀየርኩ፣ ቀበቶ ቀየርኩ፣ ከአንዱ ዕቃ ፈትቼ ለሌላው ገጠምኩ፤ እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። የመጀመሪያዋ ስትነሣ የሰማሁትን ድምፅ በወረቀት ልጽፍልሽ አልችልም። ኤደልሚራ ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ አንድ መሥመር ሰፋችና ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ይቺ መኪና ከባለቤቷ ይልቅ ጨዋታ ታውቃለች" አለች።

እንግዲህ ሱራያ በዚህ መካከል ገባች። ይህን ደብዳቤ ቤት ጃላ ድረስ የያዘችልሽ ሱራያ ማለቴ ነው፤ የቤተክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ። ማኅበሩ በደቡብ በኩል ከመንቀጥቀጡ በኋላ ባሕሩ ወጥቶ የጠራረጋት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ላሉ ተማሪዎች የደንብ ልብስ እልካለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ትምህርት ቤታቸው እስኪጠገን ተራዝሞ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሊከፈት ነበር። ልብሱን ከቻይና ካስመጣው ውስጥ እሰጣለሁ ያለው አጎትሽ ሃኮቦ ነበር፤ ባሕሩ ግን ወደቡ ላይ የነበረውን የሃኮቦንም መጋዘን ይዞት ሄደ። ሱራያ ይህን ነግራኝ እንባዋ መጣ፤ ልጆቹ መኝታ ልብሳቸውን ለብሰው ሊማሩ ነው አለችኝ። እኔም ሳላስበው "እኛ እንሰፋለን" አልኳት።

"እኛ ማን ነው?" አለችኝ።

ወደ ላይ ይዣት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት ልንገርሽ። ሱራያ ጨርቁን ከነጋዴዎቻችን በዱቤ አስወጣች። ለክርና ለቁልፍ የሚሆን ሲጠፋ የፔሩ ሴቶች ዕቁባቸውን ሰበሩ። አዎ፣ እነሱም ዕቁብ አላቸው፤ ተረኛዋ ለራሷ ያሰበችውን ትታ ለክር ሰጠች። ፋሲካም ደረሰ። ዘንድሮ የኛና የካቶሊኮቹ ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ፤ እኔ ከቤተክርስቲያን በቴምር የተሞላ ኩኪሳችንን ይዤ መጣሁ፣ እነሱ ቀዝቃዛ ድንች በቃሪያና በአይብ ወጥ አቀረቡ፣ የመቁረጫውን ጠረጴዛ አጽድተን በአንድ ማዕድ በላን። በማግስቱ እንደገና ጨርቅ ተዘረጋበት።

ያንቺን ጥያቄ ያነሣሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኤደልሚራ እየሰፋች፣ እኔ የተበጠሰ ቀበቶ እየጠገንኩ። ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሥራዋን ሳታቆም መለሰችልኝ።

"የኔ ገንዘብ እዚህ አያድርም ዶን ሚትሪ። ቅዳሜ ይከፈለኛል፣ ሰኞ ዋንካዮ ይገባል። የእናቴ ጣሪያ ነው፣ የልጄ የነርስ ትምህርት ነው። እናንተ ወደየት ትልኩ ነበር? አገራችሁ ልትመለሱ?"

አያትሽ ልመለስ ባለ ጊዜ መንገዱ በጦርነት ተዘግቶበት ነበር። ስለዚህ ያገኘው ሁሉ እዚሁ ቀረ፤ ግድግዳ ሆነ፣ ፎቅ ሆነ። ሰው ሀብታችንን ሲቆጥር ይህን ሐዘን አብሮ አይቆጥረውም። ለእሷም እንዲሁ ነገርኳት። መኪናዋን አቁማ አየችኝና፣ "እንግዲያስ እናንተም እኛም ለእናቶቻችን ስንሠራ ኖርን፤ የእናንተ ብቻ መቀበል አልቻሉም" አለችኝ። ከዚያ መስፋቷን ቀጠለች። ያን ቀን ቀበቶውን ሁለት ጊዜ አገላብጬ ገጠምኩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ልብሱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሃኮቦ መጣ። ያንን የሚያብረቀርቅ ጫማውን አድርጎ፣ ደረጃው እያስተነፈሰው። ሕንፃውንም የኋላውን ባዶ መሬትም አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚገዛ ድርጅት አግኝቷል፤ አፍርሰው የመኖሪያ ፎቅ ሊሠሩበት። ሁለታችን እኩል ባለቤት ስለሆንን የኔ ፊርማ ያስፈልገዋል። በሩን ከፍቶ መኪናዎቹን፣ ሴቶቹን፣ በገመድ የተሰቀሉትን ሰማያዊ ቀሚሶች ሲያይ ደርቆ ቀረ።

"ሚትሪ፣ ምን እያደረግህ ነው? ሰዎቹ ሕንፃው ባዶ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት።"

ባዶ እንዳልሆነ ነገርኩት። ሴቶቹ እንዳይሰሙ በዐረብኛ ነበር የምናወራው፤ ግን ድምፃችን ከፍ ሲል አንድ በአንድ መኪናዎቹ ቆሙ። ሃኮቦ እኛም ቱርኮ እየተባልን ነው ያደግነው አለኝ፣ አባታችንን ማን አስጠጋው፣ ማን ክር ገዛለት፣ በላቡ ነው እዚህ የደረሰው አለኝ። እኔ ልጽፍልሽ ጀምሬ የነበረውን ገጽ ቃል በቃል ነበር የሚያነብልኝ።

"ሃኮቦ" አልኩት፣ "አባታችን የመጣ ዕለት የት አደረ?"

መልሱን እሱም ያውቀዋል፤ እኔው ቀጠልኩ።

"አጎቱ ሱቅ ውስጥ ነው ያደረው። ሳጥኑም የአጎቱ ነበር፣ በውስጡ ያለውም ዕቃ፤ ሸጠህ ትመልሳለህ ተብሎ ነው የተሰጠው። ፋብሪካውን ሲያቆም የውጭ ጨርቅ እንዳይገባ መንግሥት በሩን ዘግቶ ነበር፤ የሰፋነው ሁሉ ይሸጥ ነበር። ይህን ሕንፃ የገዛውም ከወንዙ ወዲህ ባለው በዚህ ሰፈር መኖር የሚፈልግ ሰው በጠፋበት ጊዜ ነው። ላቡ እውነት ነው ወንድሜ። ግን እነዚህም ሰዎች ያልባቸዋል። እነሱ የደረሱት ግድግዳው ሁሉ ባለቤት ካገኘ በኋላ ነው፤ ባለቤቶቹ ደግሞ እኛ ነን።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ካልሸጥኩ ባንኩ ቤቴን ይወስደዋል" አለ። ባሕሩ የወሰደው ዕቃ ዋስትና አልነበረውም። ለሚስቱም ገና አልነገራትም። ናዲራ፣ የአትክልት ቦታውን፣ ዘበኛውን፣ በየበዓሉ የሚያርደውን በግ ታውቂያለሽ፤ ሁላችንም ዓይናችንን ወደ እሱ ሰቅለን ስንኖር እሱ ቆሞ የነበረው በዕዳ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ እፊቴ ሲያንስ አይቼ አላውቅም ነበር። ትከሻውን ያዝኩት።

ነገሩን ያበረደችው ኤደልሚራ ናት። የምንለውን ባትሰማም ሻይ በብርጭቆ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ሃኮቦ ሻይውን ሊያነሣ ሲል ዓይኑ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

"ይህን የቆረጠው ማን ነው?" አለ በእስፓንኛ። "ጨርቅ እየባከነ ነው።"

"እኔ ነኝ" አለች ኤደልሚራ። "የተሻለ የሚያውቅ ካለ መቀሱ ያውና።"

ሃኮቦ ኮቱን አወለቀ። በጉብዝናው ዘመን የአባታችን ዋና ቆራጭ እሱ ነበር፤ አንቺ አልደረስሽበትም። የልኩን ወረቀት ገለባበጠ፣ እጅጌውን ከጉርዱ ጎን አስጠጋ፣ ኮሌታውን አዙሮ መካከል ላይ ሰካው፤ ከዚያው ጨርቅ ተጨማሪ ቀሚስ ወጣ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ኤደልሚራም ነገ በሰዓቱ እንዲገባ፣ ለሚያረፍድ ሠራተኛ ሻይ እንደማይሰጥ ነገረችው። ሃኮቦ ሳቀ። እስኪመሽ ሲቆርጥ ዋለ፤ በማግስቱም መጣ፤ ያ ጫማ ግን አልመጣም።

ስለ ሽያጩ የተስማማነው ከዚያ በኋላ ነው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ልጄ፣ ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው። የኋላው ባዶ መሬት፣ አንድ ቀን ለናዲራ ቤት እሠራበታለሁ የምልሽ፣ የኔን ድርሻ ለሃኮቦ ሰጠሁት። ገዢዎቹም ከሁሉ ይልቅ ባዶውን መሬት ነበር የፈለጉት፤ ወስደውታል፤ የሃኮቦ ቤት ተርፏል። በልዋጩ ሕንፃው ከነሦስተኛው ፎቁ የኔ ሆነ። ከሴቶቹ ጋር ደግሞ ውል አዋዋይ ዘንድ ሄደን ተፈራርመናል፤ መኪናዎቹ የኔ፣ እጁ የእነሱ፣ የሚገኘው እኩል። መኖሪያ ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉትን ባዶ ክፍሎች አድሰን ሰጥተናቸዋል። ሳልጠይቅሽ ማድረጌ ያስቀይምሽ ይሆናል። ብትቆጪ ተቆጪ፤ ደብዳቤሽን ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ግን ላስጨንቅሽ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ካለኝ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ልብሱ በሰዓቱ ደረሰ! ሱራያ ከጭነት መኪናው ጋር አብራ ወርዳ፣ ልጆቹ ከፈራረሰው ግንብ ፊት ለፊት ሰማያዊውን ለብሰው ተሰልፈው አይታ መጣች። የአንዳንዶቹ እጅጌ ረዝሞ ጣታቸውን ውጦታል አለች፤ ሃኮቦ ይህን ሲሰማ ልጆች ያድጋሉ ብሎ ተከራከረ። ትናንት የሠራተኞች ቀን ስለነበር መኪናዎቹን አቁመን ደግሰን ዋልን። ሃኮቦ ሥጋ ጠበሰ፣ የወይን ቅጠል ጥቅሉን እኔ ሠራሁ፣ ሩዙ ግን ትንሽ ጠነከረብኝ። ኤደልሚራ በተራራ አገር ዘፈን አስጨፈረችን። እኔም ትንሽ ተንቀሳቀስኩ። ሱራያ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ ነበር፤ የምትነግርሽን ነገር በግማሽ እመኚ።

ለተማሪሽ የምትመልሺውን በአጭሩ ልሰጥሽ አልቻልኩም፤ ይህን ሁሉ አንብቢላት። ስማቸው የሚጠራ ሀብታሞች እንዳሉን እውነት ነው። ስማቸው የማይጠራም አሉ፣ በዕዳ የቆሙም አሉ። የፔሩ ሰዎች ደግሞ ከኛ ያነሱት በመጡበት ዘመን እንጂ በእጃቸው አይደለም በያት። ከዚህ የተሻለ መልስ ካገኘች ትጻፍልኝ።

ስለ እኔ አታስቢ። ምግብ በደንብ እበላለሁ፣ ድንች በዝቷል እንጂ። መነጽሬን ቀይሬአለሁ። ፂሜን በየቀኑ እላጫለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ፂም ጥሩ አይደለም፣ ክር ይይዛል። ሃኮቦ በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ እያለ ይቀልድብኛል። የፋብሪካውን ነገር ማለቱ ይመስለኛል። የእናትሽን ፎቶ ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ሰቅዬዋለሁ፤ እዚያ ስትስቅ በደንብ ትታያለች። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲገባ ሰላም ይላታል።

ለገና መምጣትሽ አይቀርም አይደል? ክፍልሽ ተቀብቷል። ምን ዓይነት ምግብ እንደምትወጂ ኤደልሚራ ጠይቃኝ ነግሬአታለሁ። እንደማትቆጪ፣ ልብሽ እንደ እናትሽ ልብ ሰፊ እንደሆነም ነግሬአለሁ፤ አታሳፍሪኝ። የሱራያ መኪና ታች ቆሟል፣ ጥሩምባ ታሰማለች፤ ስለዚህ ሌላ ልነግርሽ ያሰብኩትን ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ባይጻፍም ስትመጪ ታዪያታለሽ።

ፋብሪካዋን ማለቴ ነው።

የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ ልጄ። የቤት ጃላ ወይራ ጥላ ይሁንሽ፣ በየኬላው የሚያቆሙሽ ሰዎች ልባቸው ይራራልሽ፣ የአክስቴም ጉልበት ይጽና፣ እኔም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

የሚወድሽ አባትሽ
ሚትሪ